«አሮጌ ጀልባ አታከስርም» ላለው ወንድማችን፦ እኔ ከስሬያለሁ

ሰሞኑን ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። እዚሁ አሜሪካ የሚኖር ሀበሻ ወንድማችን የጻፈው ነው፣ ሰው ጓሮ ውስጥ የቆመች አሮጌ ሞተር ጀልባ በርካሽ ገዝቶ፣ ነካ ነካ አድርጎ መሸጥ እንዴት እንደሚያዋጣ፣ ዋጋዋም እንዴት እንደሚገመት ያስረዳል። ጓደኛዬ ከስሩ «ይሄ ያንተ ጉዳይ ነው፣ እንግባበት እንዴ?» ብሎኛል። አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ መሪ ይዤ ከጸሐፊው ጋር ብቻዬን ስጨቃጨቅ ከረምኩ (ትራክ ነው የምነዳው፣ ለመጨቃጨቅ ጊዜ ሞልቶኛል) በቃ ልጻፈውና ይውጣልኝ አልኩ።

ላላነበባችሁት፣ ወንድማችን ሜሪላንድ ውስጥ ሰማያዊ ሸራ ለብሳ የቆመች የ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) 19 ጫማ ፋይበርግላስ ጀልባ አይቷል። ከፊት መቀመጫ ያላት፣ ሞተሯ ከውስጥ ሆኖ እግሩ (ፕሮፔለሩን የሚይዘው ክፍል) በኋላ በኩል ወደ ውሃ የሚወርድ፣ ያው ቅዳሜና እሁድ ቤተሰብ የሚንሸራሸርባት ዓይነት ነች። ባለቤቱ 1,800 ዶላር ጠይቋል። ጸሐፊያችን ደግሞ ዋጋዋ 4,000 ነው ብሎ ገምቶ 2,200 ዶላር ሜዳ ላይ ወድቋል ይለናል። ለግምቱ ያቀረባቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ላያቸው ነው።

እኔ ጀልባ ነጋዴ አይደለሁም፣ መካኒክም አይደለሁም። በ2019 አንዲት የ1988 ባለ 18 ጫማ ጀልባ ከነትሬይለሯ በ600 ዶላር ገዝቼ፣ ሁለት ክረምት ከስሯ ተጋድሜ 5,400 ዶላር አፍስሼባት፣ በመጨረሻ በ2,800 የሸጥኩ ሰው ነኝ። ሂሳቡን እናንተ ስሩት። ባለቤቴ የገዛኋት ቀን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብላ ወደ ቤት ገባች፣ እስክትሸጥ ድረስ ስለጀልባዋ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም።

አንድ ነገር ልበልና ወደ ነጥቦቹ እገባለሁ። ወንድማችን በግልጽ ባይጽፈውም ከሃሳቡ ስር ያለው የኛ የመኪና ሂሳብ ነው። እኛ አዲስ አበባ አንድ ኮሮላ ዲኤክስ ገዝቶ አስር ዓመት ነድቶ ከገዛበት በላይ ሲሸጥ እያየን ያደግን ሰዎች ነን፣ አሮጌ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ባንክ ይመስለናል፣ ለዛ ነው «ቢያንስ የገዛሁባትን ታወጣለች» የምንለው። እዛ መኪና ዋጋው የሚይዘው ቀረጥ ስላለ፣ አዲስ ስለማይቀመስ፣ መለዋወጫውም እያንዳንዱ ጋራዥ ደጅ ላይ ስላለ ነው። እዚህ ሀገር አሮጌ ጀልባ ላይ ከነዚህ አንዱም የለም። ሰዉ ጀልባውን የሚሸጠው ቦታ ስለያዘበት ነው፣ ሚስቱ ስለሰለቻት ነው፣ ቤቱን ስለሸጠ ነው፣ ብዙዎቹማ የሚወስድላቸው ሰው ብቻ ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ የፕሮጀክት ጀልባ፣ ማለትም ገና ተጠግና የምትሰራ ጀልባ፣ ዋጋ ከላይ ወደታች ነው የሚሰላው፣ አልቃ ተሰርታ ስንት ትሸጣለች ብለህ ጀምረህ ወጪዋን እየቀነስክ ትወርዳለህ፣ ስትወርድ ስትወርድ ዜሮ ላይ የሚያስቆምህ ሕግ ደግሞ የለም።

አሁን ወደሱ። «የዋጋ መመሪያው 4,000 ይላል፣ ስለዚህ ዋጋዋ 4,000 ነው» ይላል። መመሪያው ድሮ ናዳ ይባል የነበረው አሁን ጄዲ ፓወር የሚባለው ነው፣ እኔም ያየሁት እሱኑ ነበር። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እዛ ላይ ዝቅተኛና አማካይ የሚሉ ሁለት ዋጋዎች አሉ፣ ወንድማችን ያነሳው አማካዩን ነው። አማካይ ማለት እዛው ማብራሪያው ላይ እንደተጻፈው በደህና የምትሰራ፣ የሚታይ ጉዳት የሌለባት፣ ምናልባት ጥቃቅን ነገር የምትፈልግ ጀልባ ማለት ነው። ሸራ ለብሳ ስድስት ዓመት የቆመች ጀልባ በየት በኩል ነው አማካይ የምትሆነው? ዝቅተኛው መስመር እንኳን ወለሏ ሲረገጥ የሚሰምጠውን ጀልባ አያውቃትም፣ መጽሐፍ መርገጥ አይችልማ። የጀልባ ገምጋሚዎች የሚጠቀሙበት ቢዩሲ የሚባል ሌላ መመሪያ አለ፣ እሱ ጀልባዎቹን በሁኔታቸው ደረጃ በደረጃ ይከፍላቸዋል፣ የመጨረሻው ደረጃ «ልትታደስ የምትችል» የሚል ነው፣ ማለትም ታድሳ ልትሰራ የምትችልበት ያህል አካልና ሞተር ቀርቷታል ነው የሚለው። ሰማያዊ ሸራ ስር ያለችው እዚህ ነች ያለችው፣ እዚህ ደረጃ ላይ ደግሞ ከመደበኛው ዋጋ ከግማሽ በላይ ይቆረጣል።

ማስታወቂያዎችንም አይቷል፣ «ተመሳሳዮቹ ከ3,900 እስከ 4,500 ተለጥፈዋል» ብሏል። ወንድሜ፣ የተለጠፈ ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው። እኔ አንዷን ከሚያዝያ ጀምሮ ስከታተላት ነበር፣ በ4,200 ጀመረች፣ በሰኔ 3,000፣ በመስከረም 1,500፣ ጥቅምት ላይ «በነጻ፣ መጥቶ የሚወስድ» ሆነች፣ ያኔም ሁለት ሳምንት ቆይታለች። ማየት ያለብህ በስንት እንደተጠየቀ ሳይሆን በስንት እንደወጣች ነው። ማስታወቂያውን አስቀምጠህ በየሳምንቱ እየው፣ የጠፋ ቀን ለሻጩ ደውለህ በስንት ሸጥካት በለው፣ አብዛኛው ሰው ይነግርሃል፣ እንዲያውም ማውራት ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ «ሞተሩ ይዞራል፣ ስለዚህ ግማሽ ዋጋዋ እጃችሁ ላይ ነው»። እዚህ ጋ ነው ትራኬን ጥግ አስይዤ የሳቅኩት። ይዞራል ማለትና ይነሳል ማለት ይለያያል፣ ጓሮ ላይ ማቀዝቀዣ ውሃ በቱቦ እየገባለት ተነሳ ማለትና ሐይቅ ላይ አምስት ሰው ተሸክሞ ሮጠ ማለት ደግሞ ሰማይና ምድር ነው። ሻጮች ሁሉ የሚሏት አንዲት አረፍተ ነገር አለች፣ «ሳቆማት ትሰራ ነበር»። እሺ፣ አልዋሸም፣ ግን ካቆምካት በኋላ ስንት ክረምት አለፈ? ውስጡ የቀረው ውሃ ካልተደፋለት የሜሪላንድ ብርድ የሞተሩን ብረት ከጎኑ ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁም አንዳንዴ ከቀለም ስር እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ነው የምታየው፣ ሞተሩ ግን አሁንም ይዞራል! ቤንዚኑ አስር ከመቶ ኢታኖል አለበት፣ ዓመታት ሲቀመጥ ውሃ ስቦ ይለያያል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ አረንጓዴ ሙጫ ትቶ ያልፋል። ጭስ የሚወጣበት ማኒፎልድ ደግሞ የሚቀዘቅዘው በቀጥታ ከውጭ በሚሳብ ውሃ ከሆነ፣ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ላይ የጨው ውሃ ያየ ከሆነ፣ በየጥቂት ዓመቱ የሚቀየር እቃ ነው፣ ከውስጥ ከበሰበሰ ውሃውን ወደ ሲሊንደር ይልካል፣ ከዛ በኋላ ሞተር ማውረድ ነው።

እና ምን ይደረግ? የሁሉንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (ውስጡ የሚፈጠረውን ግፊት) ለካ፣ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ከአስር ከመቶ በላይ ካልተራራቁ ደህና ነው። የታችኛውን እግር ዘይት ብሎኑን ፈታ አድርገህ ጣትህ ላይ ጠብ አድርገው፣ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ሞተሩና እግሩ መሀል ያለውን እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ጎማ በጣትህ ተጫነው፣ ከተሰነጠቀ ያቺ ጀልባ ውሃ ላይ ቆማ ማደር አትችልም፣ እዛው ታስራ ትሰጥማለች። ይሄን ሁሉ ለማድረግ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፣ መሳሪያውም ከአርባ ዶላር አያልፍም።

ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነው። ወንድማችን የመቀመጫዎቹን ቀለም ሳይቀር ጽፏል፣ የሞተሩንና የእግሩን ሠሪ ስም ግን የትም አላየሁም። በ1987 ጀልባ ላይ እኮ ከሁሉም በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው! መርክሩዘር ከሆነ፣ በተለይ ባለ 3 ሊትሩ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ከጄኔራል ሞተርስ ብሎክ የተሰራ ስለሆነና ለዓመታት ስለተመረተ መለዋወጫው እንደ ልብ ነው። ኦኤምሲ ኮብራ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ኮብራ በ1986 ነው የወጣው፣ ኦኤምሲ ራሱ፣ የነጆንሰንና ኤቪንሩድ የጀልባ ሞተሮች እናት ኩባንያ የነበረው፣ በታኅሣሥ 2000 ከስሮ ፍርድ ቤት ገባ። እቃው ጨርሶ ጠፍቷል አልልም፣ ይገኛል፣ ግን ትፈልጋለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ያገለገለ ትገዛለህ፣ የሚያውቅ መካኒክ ፍለጋ ትዞራለህ። ገዢም ይሄን ስለሚያውቅ ስሙን ሰምቶ ስልኩን ይዘጋል። ሁለቱም ያው 1987፣ ሁለቱም 19 ጫማ፣ አንዷ ትሸጣለች አንዷ ትቆማለች።

ሦስተኛው ነጥቡ ላይ ነው ልቤን ያቆሰለኝ። «ፋይበርግላስ አይበሰብስም፣ ስለዚህ አካሏ እንደ አዲስ ነው የሚቆጠረው»። እውነት ነው ፋይበርግላስ አይበሰብስም። ውስጡ ያለው እንጨት ግን ይበሰብሳል፣ የዛ ዘመን ጀልባ ደግሞ አብዛኛው ውስጡ እንጨት ነው። ሞተሩን የሚሸከመው የኋላው ግድግዳ፣ ትራንሰም የሚሉት፣ ሁለት የፋይበርግላስ ገጽ መሀል የተቀረቀረ ፕላይውድ ነው። ከወለሉ ስር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄዱት አግዳሚዎች እንጨት ናቸው፣ ወለሉም ራሱ ፕላይውድ ነው። አንድ ሰው ከሰላሳ ዓመት በፊት መሰላል ለመግጠም አራት ብሎን መትቶ ቀዳዳውን በደንብ ሳይደፍን ከተወው፣ ውሃው በዛች ቀዳዳ ገብቶ ቀስ እያለ ይሰራጫል። የሚገርመው የዝናብ ውሃ ከባሕር ውሃ ይብሳል፣ ጨው እንጨቱን የሚበላውን ሻጋታ ትንሽ ይይዘዋል፣ ዝናብ ግን ይመግበዋል። ስለዚህ «ውሃ ነክታ አታውቅም፣ ጓሮ ነው የቆመችው» የሚባለው ነገር ሙገሳ እንዳይመስላችሁ፣ እኔ ስሰማው ነው የምደነግጠው።

የኔዋን ልንገራችሁ። ከገዛኋት በሳምንቱ አንድ የማውቃቸው ጋሼ ሊያዩልኝ መጡ። ጋሼ የድሮ ባሕር ኃይል ናቸው፣ ወጣትነታቸውን ምጽዋ ላይ መርከብ ሲጠግኑ ነው ያሳለፉት፣ እዚህ ከመጡ ፓርኪንግ ሲሰሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሰላምታ ሳንጨርስ ጎንበስ ብለው ካቻቢቴዬን አንስተው በላስቲክ እጀታው ከኋላ ያንኳኩ ጀመር። ከላይ ጥግ ላይ ቀጭ ቀጭ አለ፣ ጥርት ያለ ድምጽ። ወደ ታች ወረዱ፣ ቀጭ ቀጭ። ውሃ ማፍሰሻዋ ቀዳዳ አካባቢ ሲደርሱ ድምጹ ዱብ ዱብ ሆነ፣ እርጥብ ካርቶን የምትመቱ ነው የሚመስለው። ቀና ብለው አዩኝና «ገበያ ወጥተህ ጀበና ስትገዛ አንኳኩተህ አይደል እንዴ የምትገዛው?» አሉኝ። ነው ጋሼ። «ታዲያ ይቺን ምነው ሳታንኳኳ ገዛሃት?» ምን እላለሁ። ከዛ ከውስጥ በኩል በትንሽ መሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ አስበሱኝ። ደህና ፕላይውድ ሲበሳ ደረቅ ቢጫ ብናኝ ነው የሚወጣው። የኔዋ ጥቁር እርጥብ ነገር ተፋች፣ የቡና አተላ በሉት፣ ሽታውም ክረምት ላይ ተዘግቶ የከረመ ቤት ነው። መሰርሰሪያውን ሳወጣው ከኋላው ቡናማ ውሃ እየተንጠባጠበ ወጣ፣ ለአስር ደቂቃ ያህል አላቆመም፣ ጋሼ ወንበር አምጣልኝ ብለው ተቀምጠው ነው ያዩት።

አሁን ይሄን ወደ ብር ቀይሩት። ትራንሰም ማሰራት የባለሙያ ሥራ ነው፣ ሞተሩ ይወጣል፣ የበሰበሰው ይፈለፈላል፣ አዲስ ፕላይውድ ይቆረጣል፣ በሬዚን ይለጠፋል፣ በፋይበር ይለበሳል። ለባለሙያ ብትሰጠው የሰዓቱ ዋጋ ከመቶ ዶላር በላይ ስለሆነ ከጀልባዋ ዋጋ ያልፋል፣ ማንም አያሰራም። በራስህ ብትሰራው እቃው ብቻ፣ የኔ ከነወለሉ 1,700 ነው የፈጀው፣ የሰውነት ማሳከኩ፣ ከጋራዡ የሚወጣው ሽታና የጎረቤት ፊት ሳይቆጠር። አንድ ምክር፣ አሮጌ ጀልባ ውስጥ አዲስ ምንጣፍ ካያችሁ ደስ አይበላችሁ። ግለጡት።

ደግሞ ውሃው እንጨቱ ውስጥ ብቻ አይደለም። ከ20 ጫማ በታች ያሉ ጀልባዎች በሕግ ውሃ ሲሞላቸው እንዳይሰጥሙ የሚያደርግ ነገር ሊኖራቸው ይገባል፣ አብዛኛው ፋብሪካ ይሄን የሚያሟላው ከወለሉ ስር ፎም በመሙላት ነው፣ ያ ፎም ሰላሳ ዓመት ውሃ ላይ ሲተኛ ይጠጣዋል። የኔዋን ትራክ ማቆሚያ ሚዛን ላይ አወጣኋት (ሥራዬ ስለሆነ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ማንም ሰው ግን ከፍሎ መመዘን ይችላል)። ፒካፑን ለብቻ፣ ከዛ ከነጀልባዋ፣ ልዩነቱ 3,640 ፓውንድ። የፋብሪካው ወረቀት ጀልባዋ 2,100 ነች ይላል፣ ትሬይለሩ 700፣ ባትሪና ነዳጅ ምናምኑን 200 በለው፣ 3,000። የቀረው 640 ፓውንድ ውሃ ነው፣ ወደ ሦስት ኩንታል ማለት ነው! ሦስት ኩንታል ውሃ ተሸክማ ነው «አካሏ እንደ አዲስ» የምትባለው። እና የወንድማችን ባለ 19 ጫማ ስትመዘን ስንት እንደምታወጣ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

አራተኛ፣ «ያወጣችሁትን ወጪ ደረሰኝ ይዛችሁ ዋጋ ላይ ጨምሩ፣ ገዢ ደረሰኝ ሲያይ ያምናል»። ያምናል፣ አይከፍልም። ደረሰኝ አንድ ጥቅም አለው፣ ጀልባዋ ከመጥፎው ወደ ደህናው ረድፍ መግባቷን ያሳያል፣ የደህናው ረድፍ ጣሪያ ግን ያው 4,000 ነው። እኔ የኢንዶሚ ካርቶን ሙሉ ደረሰኝ ይዤ ነበር ገዢ የጠበቅኩት። የመጣው ልጅ አንድ ሁለቱን አንስቶ «ጎበዝ ሰራተኛ ነህ» አለኝና 2,500 አለ። በ2,800 ተስማማን። ካርቶኑን ጥሎት ሄደ።

ትሬይለሩን በተመለከተ ወንድማችን በአንድ መስመር ነው ያለፈው፣ «ትሬይለሩ ምርቃት ነው»። ኧረ ተው! በፕሮጀክት ጀልባ ላይ ብዙ ጊዜ ምርቃቷ ጀልባዋ ነች። ደህና ትሬይለር ገዢው ብዙ ነው፣ የራሱ ጀልባ ኖሮት ትሬይለሩ ዝጎ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ይፈልገዋል፣ ማስታወቂያው በወጣ ቀን ይደወላል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን እዩ፣ ከስር ብረቱን በመዶሻ ነካ ነካ፣ ጎማዎቹን አንስቶ ማሽከርከር። ጎማ ላይ ደግሞ ጥርሱ ሙሉ ነው ተብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ጎኑ ላይ ዶት የሚል ጽሑፍ አለ፣ መጨረሻው ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሰራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። የኔዎቹ 2306 ነበሩ፣ የ2006 ሀያ ሦስተኛ ሳምንት፣ የ13 ዓመት ጎማ ላይ ነው ከሻጩ ቤት እስከ ቤቴ ሀይዌይ የወጣሁት፣ እመብርሃን ናት ያደረሰችኝ።

ወረቀት። «የሽያጭ ውል በእጃችሁ ጽፋችሁ ከተፈራረማችሁ በቂ ነው» ብሏል። ይሄን ምክር ሰምቶ የሚገዛ ሰው ስላለ ጠንከር ብዬ ልናገር፣ በቂ አይደለም። አንድ ሰው ሊብሬ የሌለው መኪና አዲስ አበባ ላይ በውል ብቻ ሽጥልኝ ቢልህ ቀብድ ትሰጣለህ? እዚህም ያው ነው፣ ሜሪላንድ ላይ ጀልባዋ የራሷ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) አላት፣ ዲኤንአር በሚባለው የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በኩል፣ ትሬይለሩ ደግሞ ለብቻው ኤምቪኤ በሚባለው የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት በኩል ነው፣ ሁለት ወረቀት ሁለት ቢሮ። ታይትሉን ስታዞር ጀልባዋ ላይ አምስት ከመቶ ግብር አለ፣ ቦሎ የሚለጠፍባት አለ። ታይትሉ ከጠፋ፣ ወይ በሟች አባቱ ስም ከሆነ፣ ወይ ድሮ የተወሰደ ብድር ተመዝግቦባት ካልተሰረዘ፣ ወራት ይፈጃል፣ እስከዛው ጀልባዋን አትሸጣትም፣ አታስመዘግባትም። ሌላው ደግሞ ቁጥሯ ነው። ከኅዳር 1972 ወዲህ እዚህ ሀገር የተሰራ ጀልባ ሁሉ ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ አለው፣ ከኋላ ሆናችሁ ስታዩአት ግድግዳዋ ላይ በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ ነው ያለው። እሱን ከታይትሉ ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ፣ የኔ ላይ አንድ 8 ቁጥር 3 ተብላ ተጽፋ ነበርና እሷን ለማስተካከል አራት ጊዜ ቢሮ ተመላልሻለሁ። ታይትል የሌላት ጀልባ ለኔ ዋጋዋ የመለዋወጫዋ ዋጋ ነው፣ ከዛ በላይ አልሰጥም።

«ከሰላሳ ዓመት በላይ የሆናት ጀልባ ክላሲክ ናት፣ ዋጋዋ ይጨምራል» የሚለው ላይ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። አሉ እንደዛ ያሉ። ቦስተን ዌለር ለምሳሌ፣ ባለ 13 እና ባለ 17 ጫማዎቹ፣ አሮጌ ሆነውም ሰው ይሻማባቸዋል። በ1958 ነው የጀመሩት፣ ሁለት የፋይበርግላስ ቅርፊት መሀል ፎም ሞልተው፣ የኩባንያው መሥራች ዲክ ፊሸርም በ1961 ላይፍ መጽሔት ላይ የተቀመጠባት ጀልባ ለሁለት በመጋዝ ስትቆረጥና በግማሿ ሲሄድ ታይቷል፣ ማስታወቂያ እንደዛ ነው። የክሪስ ክራፍት የማሆጋኒ ጀልባዎችም አሉ፣ የእንጨት ፍቅር ያለበት ሰው ገንዘቡን አይቆጥርም። እነዚህ ዋጋቸውን የያዙት ግን ዕድሜ ስለቆጠሩ አይደለም፣ ገና አዲስ ሆነውም ይፈለጉ ስለነበር ነው። በየመንደሩ የተሸጠች የ1980ዎቹ የቤተሰብ ጀልባ አርጅታ አሮጌ ነው የምትሆነው። ዌለርም ብትሆን እኮ የኋላ ግድግዳዋ ውስጥ እንጨት አለ፣ አንኳኩ።

ወቅቱ ላይ የጻፈው ልክ ነው፣ በመከር ግዙ፣ በጸደይ ሽጡ ብሏል፣ አንድ ቃል አልጨምርበትም።

የመጨረሻው ነጥቡ፣ «ካልሆነ ካልሆነ አፈራርሳችሁ በመለዋወጫ ትሸጧታላችሁ»። እዚህም እውነት አለው። ደህና እግር ለብቻው ይሸጣል፣ ፕሮፔለር፣ ስታርተር፣ ካርቡሬተር፣ የዳሽቦርዱ ጌጆች፣ መሪው ሳይቀር ገዢ አለው። ግን ይሄን የጻፈ ሰው አፈራርሶ አያውቅም። ዝገት የያዘው ብሎን ሁሉ ይሰበራል፣ እቃው አንድ በአንድ ፎቶ ተነስቶ ይለጠፋል፣ ሰው ለ30 ዶላር እቃ አርባ ጥያቄ ጠይቆ ይጠፋል፣ ሞተሩ ካልሰራ ሰፈራችን ቢሆን ቁራሌው ነው የሚወስደው፣ እዚህ ደግሞ የብረት መፍጫ ቦታ በፓውንድ ሳንቲም ይሰጡሃል። ሁሉም ከተሸጠ በኋላ ጓሮህ ውስጥ ምን ይቀራል? 19 ጫማ ባዶ ፋይበርግላስ። እሱን ማንም በነጻ አይወስድም። ቀጥቅጠህ የማትሸጠው፣ የማይቀልጥ ነገር ነው፣ በመጋዝ ቆራርጠህ፣ አፍንጫህን ሸፍነህ፣ ጭነህ ቆሻሻ መጣያው በር ላይ በክብደት ከፍለህ ነው የምትገላገለው፣ ውሃ የጠጣው ፎም ደግሞ እዛም ይመዘናል።

እንግዲህ የወንድማችንን ጀልባ እኔ ልገምት፣ እሱ ባለው ቁጥር ጀምሬ። ጽድት ብላ፣ ሰርታ፣ ወረቀቷ ተሟልቶ ግንቦት ላይ ብትቀርብ 4,000 ትሸጣለች እንበል፣ ከነትሬይለሯ። የኋላ ግድግዳና ወለል በራሴ እጅ 1,500። ማኒፎልድ፣ የጎማ አኮርዲዮኑ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ካርቡሬተር ማጽዳት ምናምን 1,000፣ ሞተሩ ካልተሰነጠቀ ነው ይሄ። ባትሪ፣ ሽቦ፣ የመቀመጫዎቹ ልብስ 500። የትሬይለሩ ጎማ፣ ኩሽኔታና መብራት 400። ግብርና ወረቀት 200። ድምሩ 3,600። የቀረችው 400 ዶላር የአንድ ዓመት ቅዳሜዎቼ ዋጋ ነች፣ ቅዳሜዎቼን በነጻ ብሰጥ እንኳን ለጀልባዋም ለትሬይለሩም አንድ ላይ ከ400 በላይ መክፈል አልችልም ማለት ነው። ትሬይለሩ ለብቻው ደግሞ ፎቶው ላይ እንደማየው ብረቱ ደህና ከሆነ እንዳለ 700 ያወጣል።

ስለዚህ የጀልባዋ ባለቤት የኔን ዋጋ ከፈለገ 700 ዶላር ካሽ ይዤ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ፣ ለትሬይለሩ። ጀልባዋን እሱ ያውርዳት።